የዕፅዋት ስም በፖላንድኛ፦ ከእንግሊዝኛው በፊት አማርኛውን አስቀድሙ

ፖላንድ፣ ሉብሊን ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ወር ለመከለሻ የሚሆን ከሙን አለቀብኝ። ሱቅ ሄጄ የቅመም መደርደሪያው ፊት ቆምኩና የእንግሊዝኛ ስሙን ስልኬ ላይ ጻፍኩ። "ክሚን" የሚል ፖላንድኛ አወጣልኝ። መደርደሪያው ላይ ያለው ፓኬት ግን "ክሚኔክ" ይላል። ፖላንዶች ነገር ማቆላመጥ ይወዳሉ፣ ያው ይሆናል ብዬ ገዛሁት። ፍሬውም ይመሳሰላል፤ ቀጭን፣ ቡናማ፣ ቁመቱን ተከትሎ መስመር መስመር ያለበት። ድስት ውስጥ ሲገባ ነው ሽታው ሌላ መሆኑ የታወቀኝ። ክሚኔክ ለካ እነሱ ጥቁር ዳቦ ላይና ጎምዛዛ ጎመን ውስጥ የሚጨምሩት ሌላ ተክል ነው። የእኛ ከሙን እዚህ "ክሚን ዢምስኪ" ይባላል፣ የሮም ክሚን እንደማለት።

ከዚያ ወዲህ የተክል ቃል የምማርበትን መንገድ ቀየርኩ። ብዙዎቻችን ፖላንድኛን የምንማረው በእንግሊዝኛ በኩል ነው፤ መጽሐፉም፣ የስልክ መተግበሪያውም፣ መምህሯም በእንግሊዝኛ ነው የሚያስረዱን። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ፖላንድኛ ተደርድሮ ይሰጠናል፤ እንሸመድዳለን። ችግሩ እንግሊዝኛ በተክል ነገር ላይ አንዱን ቃል ለሁለትና ለሦስት ነገር ያውለዋል። ፖላንድኛ ደግሞ ይለያቸዋል። የሚገርመው አማርኛም ብዙ ጊዜ ልክ ፖላንድኛ በሚለይበት ቦታ ላይ ይለያል። ስለዚህ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለኑሮ ፖላንድ ለመጣችሁ ሁሉ ምክሬ ይሄ ነው፦ አማርኛውን መሃል አስገቡት። እንዴት እንደሆነ በየተራ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ድምፁን በፊደላችን ያዙት

ፖላንድኛ ሲጻፍ ያስፈራል። ተነባቢ በተነባቢ ላይ ይደራረባል። በፊደላችን ስትጽፉት ግን ግማሹ ፍርሃት ይለቃችኋል፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ አንድ ሆሄ የሌላቸው ድምፆች እኛ ጋ ራሳቸውን ችለው አሉ። ኝ አለን፣ ዥ አለን፣ ሽ አለን፣ ች አለን። ሥር "ኮዤኝ" ነው። በቃ፣ አለቀ። ይሄንን በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን ልጻፍ ብትሉ ምን ያህል እንደምትደክሙ ሞክሩት።

ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሆዷ ላይ ጭረት ያለባት ኤል ስታዩ ው ብላችሁ አንብቡ፤ ግንዱ ለስላሳ የሆነ ተክል አገዳ "ዎዲጋ" ይባላል፣ ሲጻፍ ግን በዚያች በተጫረች ኤል ነው የሚጀምረው። ሁለተኛ፣ ፖላንዶች ሁለት ዓይነት ሽ አላቸው፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፤ ች እና ዥም እንደዚሁ። ፊደላችን ይሄን አይለይም። ስለዚህ ቀጭኗን ስትጽፉ ከላይ ነጥብ አድርጉባት፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ንባቡ ላይ ደግሞ ጫናው ከመጨረሻ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ነው የሚያርፈው። ተክል "ሮሽሊና" ሲሆን ሊ ላይ ትጫናላችሁ። ጥቂት ቃሎች ከዚህ ያፈነግጣሉ፣ ለጊዜው አትጨነቁባቸው።

በፊደላችን መጻፉ ግን የመጀመሪያ መወጣጫ ብቻ ነው። ከጎኑ የነሱን አጻጻፍ ገልብጡት፤ አለዚያ ሱቅ ውስጥ ፓኬት ላይ ስታዩት አታውቁትም።

ደብተሩ

ዝርዝር አትጻፉ። ለአንድ ተክል አንድ ገጽ ስጡ። መሃል ላይ በትልቁ አማርኛውን ጻፉ፣ ቅጠል ወይም ፍሬ ካገኛችሁ ለጥፉበት። ከስሩ ፖላንድኛውን፣ ነጠላውንና ብዙውን። ከጎኑ ፆታውን። ከዚያ ያያችሁበትን ወይም የሰማችሁበትን አንድ ዓረፍተ ነገር። እንግሊዝኛውን ጥግ ላይ በትንሹ።

የእኔን የተልባ ገጽ ልንገራችሁ። መሃል ላይ ተልባ ይላል፣ ሰባት ስምንት ፍሬ በማጣበቂያ ወረቀት ተጣብቋል። ከስሩ "ሌን" ይላል፣ ተክሉ ማለት ነው፣ ወንድ ፆታ። ከዚያ "ሼምዬ ልኛኔ"፣ ይሄ ፍሬው ነው፣ ፓኬት ላይ የሚታየው ይሄኛው ነው እንጂ ሌን ብላችሁ ብትፈልጉ የተልባ እግር ልብስ ነው የምታገኙት። እንግሊዝኛ ለዚሁ ነገር አንዴ ፍላክስ አንዴ ሊንሲድ ይላል፤ ሁለት የተለያየ ተክል የመሰላቸው ጓደኞች አሉኝ። አማርኛችን አንድ ነው፣ ተልባ። ፖላንዶችም ፍሬውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈውና አፍልተው ለሆድ ይጠጡታል፣ የሚያሟልጨውን እስኪያወጣ ድረስ። ያንን ብርጭቆ ያየ ሐበሻ ቃሉን ሁለተኛ አይረሳውም።

የተክሉ አካላት

እዚህ ቶሎ ልለፍ፤ ከባድ አይደለም። ሥር ኮዤኝ፣ ግንድ ፕዬኝ፣ ቅርንጫፍ ጋዎንሽ፣ ቅርፊት ኮራ፣ ቅጠል ሊሽች፣ አበባ ክፊያት፣ እሾህ ኮሌትስ፣ ዘር ናሾኖ፣ እንደ ፕሪም ያለው ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ጠንካራ ፍሬ ፔስትካ፣ የእህል ቅንጣት ዣርኖ። ሶክ ደግሞ ዛፍ ሲቆረጥ የሚወጣውም ፈሳሽ ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለውም ጁስ ነው።

የእንግሊዝኛው ወጥመድ እዚህም አለ። ትራንክ የዛፍ ግንድ ነው፣ የዝሆን ኩምቢ ነው፣ የመኪና ሻንጣ ማስቀመጫ ነው፤ መተግበሪያው የቱን እንደሚሰጣችሁ አታውቁም። ግንድ ብላችሁ ካሰባችሁ ፕዬኝ ብቻ ነው። ባርክም እንዲሁ፣ የውሻ ጩኸትም ቅርፊትም ነው። ብራንች ላይ ግን አማርኛም ከእንግሊዝኛ ጋር አብሮ ያሳስታችኋል፦ የባንክ ቅርንጫፍ እንላለን አይደል? ፖላንዶች ለባንክ ጋዎንሽ አይሉም፣ "ኦድጃው" ነው የሚሉት።

እንቡጥ "ፖንክ" ነው። ትንሿ እንቡጥ "ፖንቼክ"። ፖንቼክ ደግሞ በጃም የተሞላው የተጠበሰ ቦምቦሊኖ ነው! አብጦ ሊፈነዳ የደረሰ እንቡጥ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣለት። የካቶሊኮች ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ሐሙስ አገሩ ሁሉ ፖንችኪ ሲበላ ይውላል፣ ከዳቦ ቤቶቹ ደጅ ሰልፍ ነው። የእኛ ቅበላ ማለት ነው፣ በሥጋ ፈንታ በቦምቦሊኖ።

መንታ መንገዶቹ

ዋናው ነገር እዚህ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ቢን ከሚለው እንጀምር። እንግሊዝኛ ባቄላውንም ቦሎቄውንም ቢን ይለዋል። እኛ አንቀላቅልም። ፖላንዶችም አይቀላቅሉም፦ ባቄላ "ቡፕ"፣ ቦሎቄ "ፋሶላ"። ሐምሌ አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ ማለቴ ነው፣ ገበያ ላይ አረንጓዴ ቡፕ በኪሎ ይሸጣል፤ በጨው ቀቅለው በእጃቸው እየላጡ ይበሉታል። የባቄላ እሸት ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምንም አይደለም። አተር "ግሮኽ"፣ ለጋው አረንጓዴ አተር "ግሮሼክ"፣ ምስር "ሶቼቪትሳ"፣ ሽምብራ "ቼቼዢትሳ"። እነዚህን አምስቱን ከያዛችሁ የጾም ማዕዳችሁ ተሟላ።

ዉድ ሌላው ነው። እንግሊዝኛው እንጨትም ደንም ያደርገዋል። አማርኛችሁን ጠይቁት፦ እንጨት ነው፣ ዛፍ ነው ወይስ ደን? እንጨት "ድሬቭኖ"፣ ዛፍ "ድዤቮ"፣ ደን "ላስ"። ድሬቭኖና ድዤቮ የአንድ ቤተሰብ ቃሎች ስለሆኑ ይምታታሉ፤ በእኔ በኩል የረዳኝ ድሬቭኖ ውስጥ ያለችው ነ ናት፣ እንጨት ውስጥም ን አለች።

ፔፐር ደግሞ የወጥ ቤት ነገር ስለሆነ ዋና ነው። ቁንዶ በርበሬ "ፕዬፕሽ" ነው። ቃሪያውና ቀይ በርበሬው "ፓፕሪካ" ነው፣ ትኩሱም የተፈጨውም። የተፈጨው ሁለት ዓይነት ነው የሚሸጠው፤ "ስዎትካ" ከተባለ ጣፋጩና የማያቃጥለው ነው፣ "ኦስትራ" ከተባለ የሚያቃጥለው። ከአገር ቤት በርበሬ እስኪመጣላችሁ ድረስ ሁለቱን እየቀላቀላችሁ መቆየት ትችላላችሁ፣ ቀለሙን ከስዎትካ፣ ማቃጠሉን ከኦስትራ።

ክሎቭ ላይ ደግሞ የነጭ ሽንኩርቷም ነጠላ ፍሬ ክሎቭ ናት፣ ቅርንፉዱም ክሎቭ ነው። በፖላንድኛ አንዷ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ "ዞምቤክ ቾስንኩ" ትባላለች፣ የነጭ ሽንኩርት ትንሽ ጥርስ ማለት ነው፤ አንዴ ልጣችሁ ብታዩዋት በእርግጥም ጥርስ ትመስላለች። ቅርንፉድ "ጎዥጂኪ" ነው፣ ትናንሽ ምስማሮች። ነጠላው "ጎዥጂክ" ደግሞ ካርኔሽን የምንለውም አበባ ስም ነው።

ላይም። ሎሚ መሳዩ አረንጓዴ ፍሬ "ሊሞንካ" ነው። ግን እንግሊዞች ላይም ትሪ የሚሉት ሌላ ዛፍ አለ፣ ከሎሚ ጋር አይዛመድም፣ ፖላንዶች "ሊፓ" ይሉታል። አበባው ለሻይ ይሆናል፣ ማሩ ይወደዳል። በመንገድ ቋንቋ ግን ሊፓ ማለት ፎርጅድ፣ የማይረባ ማለት ነው፤ ስልክ ገዝታችሁ ጓደኛችሁ አይቶ ሊፓ ካላችሁ ስለ ዛፉ አይደለም።

ቼሪ ላይ አማርኛም አይረዳችሁም፣ እዚህ ምላሳችሁን ተጠቀሙ። ጣፋጩ "ቼሬሽኛ"፣ ጎምዛዛው "ቪሽኛ"። ቼሬሽኛው ቀድሞ በጁን ይደርሳል፣ ቪሽኛው ተከትሎ በጁላይ። ለእነሱ ሁለት የተለያዩ ፍራፍሬዎች ናቸው፤ ቼሪ ስጡኝ የሚባል ነገር የለም። እንጆሪም እንደዚሁ፣ ትልቁ የእርሻ እንጆሪ "ትሩስካፍካ"፣ በደን ውስጥ የሚበቅለው ትንሹና መዓዛማው "ፖዦምካ"። ትሩስካፍካ ሲደርስ የሚበቃችሁን ብሉ፣ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን ነው ዋናው ወቅቱ፣ በብርዱ ወራት የሚመጣው እዚያ አይደርስም።

ያጎዳ የሚለው ቃል ባጠቃላይ ትንሽ ጭማቂ ፍሬ ማለት ነው፤ በአብዛኛው አገር ግን ያጎዳ ከተባለ ከደን የሚለቀመው አፍና ጣት የሚያጠቁረው ሰማያዊ ፍሬ ነው። ክራኮቭ አካባቢ ያንኑ ፍሬ "ቦሩፍካ" ይሉታል። ሌላ ቦታ ቦሩፍካ ካላችሁ ትልቁን፣ የእርሻውን ይሰጧችኋል። ድንችም ከቦታ ቦታ ስሙ ይለያያል፤ መደበኛው "ዤምኛክ" ነው፣ ዤምያ ማለት መሬት ስለሆነ ከመሬት የወጣ እንደማለት፣ ፖዝናን ግን "ፒራ" ይሉታል።

እና ራሱ ፕላንት የሚለው ቃል! ተክል ሮሽሊና ነው፤ ማምረቻው ፕላንት ግን "ፋብሪካ" ነው። ፋብሪካ፣ ልክ እንደኛ። እንግሊዝኛው ባያሳስተን ኖሮ ምንም የምንማረው ነገር አልነበረም። ክራኮቭ ከተማ መሃል "ፕላንቲ" የሚባል መናፈሻ አለ፣ የድሮዋን ከተማ ዙሪያዋን የከበበ፤ ከ1822 እስከ 1830 የፈረሰው የከተማው ግንብ በነበረበት ላይ የተሠራ ነው። ስሙ ግን ከተክል ጋር አይገናኝም፣ መሬት መደልደል ከሚል ግስ ነው የመጣው። በዛፍ የተሞላ መናፈሻ ፕላንቲ ሲባል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይሳሳታል።

ሁለት ልጨምርና ልለፍ። "ቤስ" ማለት ያለ ማለት ነው፣ ያለ ስኳር፣ ያለ ወተት። ግን በሜይ የሚያብበው ሐምራዊ መዓዛማ አበባም ቤስ ነው፤ "ቻርኒ ቤስ" ደግሞ ሌላ ቁጥቋጦ ነው፣ ለጉንፋን ሽሮፕ የሚሠሩበት። ሁለተኛው "አካትስያ" ነው። ግራር ነው ብላችሁ ትደሰታላችሁ። አይደለም፤ ፖላንድ ውስጥ ሰው አካትስያ የሚለው ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ሮቢንያ የሚባል ዛፍ ነው። እሾሁና ቅጠሉ ግን ግራርን ያስታውሳል፣ እኔ ከስሩ መቀመጥ እወዳለሁ።

የአገራችንን ተክል እንዴት ታገኙታላችሁ

ጤፍ፣ ኑግ፣ አብሽ፣ ጤና አዳም በፖላንድኛ ምንድን ናቸው? መተግበሪያው ብዙ ጊዜ አያውቃቸውም። እዚህ ላይ እንግሊዝኛንም አማርኛንም ተዉና በሳይንሳዊው ስም ሂዱ። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ካስተዋወቀው አሠራር ወዲህ እያንዳንዱ ተክል በሁሉም አገር አንድ ዓይነት የላቲን ስም አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የአማርኛውን ስም ፈልጋችሁ ሳይንሳዊውን አግኙ፣ ያንን ገልብጡና ዊኪፔዲያ ላይ ጻፉት፣ ከዚያ ቋንቋውን ወደ ፖላንድኛ ለውጡ። የገጹ ርዕስ የፖላንድኛ ስሙ ነው። በመጨረሻ ፎቶውን እዩ፣ ሳታዩ አትመኑ።

ጤፍን እንዲህ ስፈልግ "ሚውካ አቢሲኝስካ" ብሎ መጣልኝ። አቢሲኝስካ ማለት የአቢሲኒያ ማለት ነው። ኑግም "ኦሌያርካ አቢሲኝስካ" ነው። ያን ቀን ደብተሬ ላይ ሁለቱን ስጽፍ ደስ ያለኝን ደስታ አልረሳውም፤ ከአገራችን የወጡ መሆናቸው እስከ ስማቸው ድረስ ተጽፎ አለ። ሱቅ ውስጥ ግን ሚውካ ብትሉ የሚገባው የለም፤ ዱቄቱ ፓኬት ላይ "ሞንካ ቴፍ" ነው የሚለው። ሞንካ ዱቄት ነው።

ሌሎቹን ላቀብላችሁ፦ አብሽ "ኮዤራትካ"፣ ጥቁር አዝሙድ "ቻርኑሽካ"፣ ጤና አዳም "ሩታ"፣ እርድ "ኩርኩማ"፣ ዝንጅብል "ኢምቢር"፣ ድምብላል "ኮሌንድራ"። ለጎመን የሚቀርበው "ያርሙሽ" የሚባለው ነው፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ይጠቀለላል፤ ብርዱ ሲገባ ርካሽና ጥሩ ነው። ጌሾ የለም። የጌሾን ሥራ ለቢራቸው የሚሠራላቸው "ኽሚዬል" ነው፣ መራራ አበባ፤ እኔ ያለሁበት የሉብሊን ክልል ዋናው የኽሚዬል አብቃይ ነው፣ ከከተማ ወጣ ስትሉ በረጃጅም እንጨትና ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ሰማይ ሲወጣ ታያላችሁ።

ዛፉ ሌላ፣ ፍሬው ሌላ

እኛ የብርቱካን ዛፍ፣ የማንጎ ዛፍ እንላለን። ፖላንዶች ለብዙዎቹ ዛፉን ለብቻው ስም ይሰጡታል። ፖም "ያፕኮ"፣ ዛፉ "ያብዎኝ"። ፒር "ግሩሽካ"፣ ዛፉ "ግሩሻ"። ፕሪም "ሽሊፍካ"፣ ዛፉ "ሽሊቫ"። ቪሽኛና ቼሬሽኛ ላይ ግን ዛፉም ፍሬውም አንድ ስም ነው። ፖላንድ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ፖም በብዛት በማምረት አንደኛ ናት፤ ከዋርሶ በስተደቡብ ግሩዬትስ አካባቢ መንገዱ ግራ ቀኙ ያብዎኝ ብቻ ነው። ለለቀማ ሥራ የምትሄዱ ካላችሁ አለቃው የሚጠራውን ዛፉን ነው ወይስ ፍሬውን የሚለውን መለየት አለባችሁ።

ለሥራ የሚሆኑ ግሶችም ያዙ። መትከል ሳጂች፣ መዝራት ሻች፣ ውሃ ማጠጣት ፖድሌቫች፣ መልቀም ዝብዬራች፣ ማረም ፕዬሊች፣ አረሙ ራሱ ኽፋስት፣ ችግኝ ሳድዞንካ፣ ግሪንሃውስ ሽክላርኛ። እንግሊዝኛ ስሙንም ግሱንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ ፕላንት ተክልም ነው መትከልም ነው። ፖላንድኛ ላይ ሮሽሊናንና ሳጂችን የሚያገናኝ ምንም ነገር የለም፣ ለየብቻ ነው የምትይዟቸው።

ፆታና ቁጥር፣ ገበያ ላይ

በአ ድምፅ የሚያልቅ ብዙውን ጊዜ ሴት ነው፦ ማሊና (ራስበሪ)፣ ሶስና (ጥድ)፣ ፋሶላ። በተነባቢ የሚያልቅ ብዙውን ጊዜ ወንድ፦ ፖሚዶር (ቲማቲም)፣ ክፊያት፣ ቡራክ (ቀይ ሥር)። በኦ የሚያልቅ ወንድም ሴትም አይደለም፦ ያፕኮ፣ ድዤቮ፣ ናሾኖ። ከዚህ የሚያፈነግጡ ጥቂት አሉ፤ ጋዎንሽና ያብዎኝ በተነባቢ አልቀው ሴቶች ናቸው። ደብተሩ ላይ ፆታውን ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቁጥሩ የባሰ ነው። አንድ ያፕኮ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ያፕካ፣ ከአምስት ጀምሮ ያብዌክ። በኪሎ ስትገዙም ይኸው የመጨረሻው ነው፦ ኪሎ ያብዌክ፣ ኪሎ ፖሚዶሩፍ፣ ኪሎ ዤምኛኩፍ፣ ኪሎ ሽሊቬክ። ሰዋስዉን ለማጥናት አትሞክሩ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። "ፖፕሮሼ ኪሎ" ብላችሁ የምትገዙትን አምስት ስድስት ነገር ከነመጨረሻው እንደ ዜማ ያዙት። ፖፕሮሼ እባክዎ ይስጡኝ ነው። እስር "ፔንቼክ" ነው፣ ፔንቼክ ኮፔርኩ፣ አንድ እስር ኮፔሬክ፣ ዲል የሚባለው ቅጠል። እና ልብ በሉ፦ ፔንቼክና ፖንቼክ የሚለያዩት በአንድ አናባቢ ብቻ ነው፣ አንዱ እስር አንዱ ቦምቦሊኖ።

የሾርባ አትክልት በአንድ ላይ ታስሮ ይሸጣል፤ ካሮት፣ የፔርሰሊ ሥር፣ ሴሌር፣ ባሮ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ቁራጭ ጎመን። "ቭዎሽቺዝና" ነው ስሙ፣ የጣልያን ነገር ማለት ነው። በ1518 ለንጉሥ ዚግሙንት ተድራ የመጣችው ጣልያናዊቷ ንግሥት ቦና ስፎርዛ አትክልቱን አስለመደችን ይላሉ ፖላንዶች። ሴሌር ሲሉ ግን ክብ ነጭ ሥሩን ነው፤ አገዳውን የፈለገ "ሴሌር ናቾቪ" ይበል።

ወሮቹን በነጻ ታገኛላችሁ

የወር ስም ለመሸምደድ ከምትቸገሩ ከተክሉ ጋር ያዙት። ክፊያት አበባ ነው፣ ኤፕሪል "ክፊዬቼኝ"። ሊፓ የሚያብበው በጁላይ ነው፣ ወሩ "ሊፒዬትስ"። ሼርፕ ማጭድ ነው፣ ኦገስት የአጨዳ ወር "ሼርፒዬኝ"። ቭዦስ የሚባለው ሐምራዊ ቁጥቋጦ በሴፕቴምበር ያብባል፣ ወሩ "ቭዤሼኝ"። ኦክቶበር "ፓዥጄርኒክ" ነው፤ ተልባና መሰሎቹ ለክር ሲወቀጡ ከሚወድቀው ገለባ ነው የመጣው፣ ስለዚህ የተልባዬ ገጽ ላይ እሱንም ጽፌዋለሁ። ኖቬምበር "ሊስቶፓት"፣ ቅጠል መርገፊያ። ዘመነ ጽጌ ብለን ወቅት በአበባ የምንጠራ ሰዎች ይሄ ሊከብደን አይገባም።

አነጋገርና አበባ

ጥቂት አባባሎች ቃሉን ያጸኑላችኋል። "ኜዳሌኮ ፓዳ ያፕኮ ኦድ ያብዎኒ" ይላሉ፣ ፖም ከፖም ዛፍ ርቆ አይወድቅም፤ ዘር ከልጓም ይስባል እንደምንለው። ፍሬውንም ዛፉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዛችሁ ማለት ነው። የማይሆን ተስፋ ለሚሰጥ ሰው "ግሩሽኪ ና ቭዬዥብዬ" ይላሉ፣ ፒር በአኻያ ዛፍ ላይ፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። ዙሪያ ጥምጥም ለሚሄድ ሰው "ኜ ኦቪያይ ቭ ባቬውኔ"፣ በጥጥ አትጠቅልለው። ባቬውና ጥጥ ነው።

ሰው ቤት አበባ ይዛችሁ ስትሄዱ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፣ ሦስት ወይም አምስት ወይም ሰባት። ሙሉ ቁጥር ለቀብር ነው። ክሪሳንተምም አትውሰዱ፤ ኖቬምበር 1 ቀን መካነ መቃብሩ ሁሉ በእሱ ይሸፈናል፣ ለሙታን የሚሰጥ አበባ ነው።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ውጡ። ደብተሩን ያዙ፣ ከመደዳው ማብቂያ ላይ ከሚሸጡት አሮጊቶች አንዷን መርጣችሁ "ፕሮሼ ፓኒ፣ ትሶ ቶ ዬስት?" በሏቸው፣ እመቤቴ ይሄ ምንድን ነው ማለት ነው። ፓኒ የምትለዋን አትርሱ፣ እንደ እትዬ ናት። እኔ የማዘወትራቸው አሮጊት በመጀመሪያው ቀን ቪሽኛና ቼሬሽኛ አንድ አንድ መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ ብላ ብለው እስክውጥ ድረስ ሌላ ሰው አላስተናገዱም። ኋላ አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት የሚያህል አረንጓዴ ነጭ ነገር ከነቅጠሉ አነሳሁና ሸተትኩት። እንስላል! እናቴ ጓሮ። ስሙን ጠየቅኋቸው፣ "ኮፔር ቭዎስኪ" አሉኝ፣ የጣልያን ኮፔር። እናንተስ ምን ትሉታላችሁ አሉ። ነገርኳቸው። ሦስቴ አስደገሙኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሩቅ ሲያዩኝ ቅጠሉን ከፍ አድርገው "እንስላል" ይላሉ፣ ላ ላይ አጥብቀው።